ጥርግርግ የጠረጋቸው ስሞች

እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም መታወቂያው ላይ ካላነበበው በቀር የሚያስታውሰው ሰው የለም። ሁሉም የሚጠራው «ጥርግርግ» እያለ ነው። ይህን ስም ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ገና ልጅ ሳለ የቤቱን ሰው ጫማ በሙሉ በር ላይ አሰልፎ፣ ግራውን ከቀኙ አጋጥሞ በማስቀመጡ፣ አባቱ ለሥራ ሲጣደፉ እግራቸውን ሰደድ አድርገው ብቻ ሲወጡ ያየች ጊዜ ነው «ኧረ ይሄ ጥርግርግ!» ያለችው። ሙገሳ ይሁን ስድብ እሷም አልለየችውም፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

ለክፉ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ችግሩ አንድ ነው፤ የተዝረከረከ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም። ሻይ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ የስኳሩን ዕቃ ጎትቶ ከጠረጴዛው ልክ መሐል ላይ ያኖረዋል። ታክሲ ውስጥ የፊተኛው ተሳፋሪ ኮሌታ ታጥፎ ካየ ቃል ሳይተነፍስ ያቃናዋል፤ በዚህ የተነሳ አንዴ ከጥፊ ለጥቂት ተርፏል። ሊያገባት ያሰባት ልጅም የተለየችው እሷ እጇን ልትታጠብ በተነሳችበት ቅጽበት ቦርሳዋን ከፍቶ አስተካክሎ ስለጠበቃት ነው። «እኔ የምፈልገው ባል ነው እንጂ መጋዘን ጠባቂ አይደለም» ብላው ሄደች። የሚያስቀው ነገር፣ በዚያን ጊዜ መተዳደሪያውም መጋዘን ጠባቂነት ነበር።

ኮምፒውተርን የተዋወቀው እዚያው የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው። ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የሚመዘግብበት አሮጌ ማሽን ነበረችው። የተሰጠው ፕሮግራም አሠራሩ የተዘበራረቀ ሆኖ ስላሳረረው ራሱ ሊያስተካክለው ተነሳ፤ ከዚያም መማር ጀመረ፤ ከዚያም ማቆም አቃተው። በዚህ ዓለም ላይ እንዳስቀመጥከው የሚቆይ ነገር ፕሮግራም ብቻ ነው ይላል። ጫማ እንኳ እንዳሰለፉት አያድርም።

እህቱ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት። ሽቶ ሸጣለች፣ የቤት ዕቃ ሸጣለች፣ ኢንሹራንስ ሸጣለች፤ የማትሸጠው ነገር ካለ ገና ያልተሠራ ነው። ለተጠየቀችው ሁሉ መልሷ «ችግር የለም» ነው፤ ችግር መኖሩን የምታጣራው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሟ ፕሮግራም መሥራት እንደቻለ የሰማች ዕለት «አንተ ሥራ፣ እኔ እሸጣለሁ» አለችውና ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች ክፍል ተከራዩ። የክፍሏ ግማሽ የሱ ነው፤ እዚያ ዝንብ እንኳ ስታርፍ የተጠነቀቀች ትመስላለች። የእህቱ ጠረጴዛ ላይ የጥፍር ቀለም፣ የብስኩት ፍርፋሪ፣ የስልክ ገመድና የማን እንደሆነ የማይታወቅ የመኪና ቁልፍ ተደባልቀው ይኖራሉ። ጥርግርግ ወደዚያ ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሠራል።

የሠራው ለክሊኒኮች የሚሆን የቀጠሮ ፕሮግራም ነው። ለታካሚው ተራ ይይዛል፣ ቀኑ ሲቃረብ መልእክት ይልካል፣ ሐኪሙ ከቀረ ቀጠሮውን ያሸጋሽጋል። ሁሉን ነገር ከባዶ አልጻፈውም፤ እንዲህ የሚያደርግ ፕሮግራም ሠሪም የለም። ሌሎች ሠርተው ማንም እንዲጠቀምበት ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጧቸው፣ ኦፕን ሶርስ የሚባሉ ዝግጁ ክፍሎች አሉ። አንዱ ቀን ይቆጥራል፣ ሌላው መልእክት ይልካል፣ ሌላው ተራ ይይዛል። ጥርግርግም የሚያስፈልገውን እየመረጠ ከራሱ ሥራ ጋር አገጣጠመ።

ታዲያ በእያንዳንዱ ክፍል ራስጌ ላይ የሠሪው ስምና የፈቃዱ ቃል ተጽፎ ይመጣል። አንዳንዱም ሠሪው መሐል መሐል ላይ ለራሱ ወይም ለቀጣዩ ሠራተኛ የጻፈው ማስታወሻ አለው። ማሽኑ እነዚህን መስመሮች አያነባቸውም፤ ቢኖሩም ባይኖሩም ፕሮግራሙ ይሠራል። እንግዲህ ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለጥርግርግ ግን በር ላይ የተጣለ የሰው ጫማ ነበር። አንድ ከሰዓት ላይ ትንሽ መጥረጊያ ፕሮግራም ጻፈና ማሽኑ የማያነበውን መስመር ሁሉ ከፋይሎቹ ውስጥ በአንዴ ጠረገው። ፋይሎቹ ጽድት አሉ። ያን ቀን እያፏጨ ነው ቤቱ የገባው።

ገዢ እስኪገኝ ብዙ ጊዜ ፈጀ። እህቱ ከክሊኒክ ክሊኒክ ስትዞር የጫማዋ ተረከዝ አለቀ። በመጨረሻ በየሰፈሩ የጥርስ ክሊኒክ ያላቸው አንዲት ዶክተር ፕሮግራሙን አይተው ወደዱትና የውል ረቂቅ ላኩ። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነበር፤ ይህ ሽያጭ ካልተሳካ ክፍሏን ይለቃሉ፣ እህቱ ወደ ሽቶዋ፣ እሱም ወደ መጋዘኑ ይመለሳሉ። የመጋዘኑ አለቃ «ወንበርህ አለ» እያለ በየጊዜው ይደውልለታል፤ ሰውየው ለደግ ነው የሚደውለው፣ ጥርግርግ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ እንደገና ያሰልፋል።

ውሉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የሌላ ሰው ሥራ ካለ የማን እንደሆነና በምን ፈቃድ እንደተወሰደ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ የዶክተሯ ብቻ ይሁን፤ ሌላ ክሊኒክ እጅ እንዳይገባ። እህቱ ሁለቱንም «ችግር የለም» ብላ መልሳለች።

«በል የሰዎቹን ስም ጻፍና ስጠኝ፤ ለዶክተሯ ልላክላቸው» አለችው።

«የየትኞቹን ሰዎች?»

«የነዚያን ነዋ! ሥራቸውን የወሰድክባቸውን።»

ጥርግርግ ፋይሎቹን ከፈተ። አንድም ስም የለም። ከላይ እስከ ታች ቢወርድ፣ ከታች እስከ ላይ ቢወጣ ወፍ የለም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጠርጌያቸዋለሁ፣ እትዬ» አለ።

«ምኑን ነው የጠረግከው?»

«ስሞቹን። ፈቃዶቹንም።»

እህቱ ብስኩቷን አኝካ እስክትጨርስ አየችው። «ታዲያ ምን ይሁን? ለሕዝብ የተለቀቀ ነገር አይደለም እንዴ? ባለቤት የለውማ!»

እሱም ልቡ ውስጥ የሚያስበው ይህንኑ ነበር። ግን የጠረገውን መልሶ ማየት ነበረበትና ክፍሎቹን በመጀመሪያ ካወረደባቸው ገጾች ላይ አንድ በአንድ እየፈለገ የፈቃዱን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ። ባለቤት አላቸው። ባለቤት ስላላቸው ነው ፈቃድ የሰጡት። አብዛኞቹ ደግሞ ቸሮች ናቸው፤ ውሰድ፣ ለውጥ፣ ሽጥ፣ ትርፉም ለራስህ ይሁን ይላሉ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስማችንንና ይህን ጽሑፍ አታጥፋ። ከዓለም ሁሉ ነገር አንዲት ነገር እንዳያደርግ ተለምኖ፣ ያቺኑ መርጦ አድርጓታል። ብቻውን ሳቀ፤ ከዚያ አፈረ፤ ከዚያ ስሞቹን ወደየቦታቸው መመለስ ጀመረ።

ተራ የሚይዘው ክፍል ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ። የዚህኛው ፈቃድ ጠበቅ ያለ ነው። ውሰድ፣ ለውጥ፣ መሸጥም ትችላለህ ይላል። ነገር ግን ለምታስረክበው ሰው ኮዱንም፣ ማለት ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ አብረህ ታስረክባለህ፤ ከዚህ ጋር አዋህደህ የሠራኸውን የራስህንም ጭምር። የተቀበለውም ሰው አንተ የነበረህ መብት ይኖረዋል፤ ሊለውጠውም ለሌላ ሊሰጠውም ይችላል፤ ልትከለክለው አትችልም።

«እና?» አለች እህቱ።

«እናማ የዶክተሯ ብቻ ይሁን የሚለውን ልንፈርም አንችልም። ሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ማድረግ የኛ መብት አይደለም።»

«ማን ከፍቶ ያያል?»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

እህቱ ተነፈሰች። ወንድሟን ታውቀዋለች፤ አንዴ ዓይኑ ካየ የታጠፈ ኮሌታ እንኳ አያስቀምጠውም። ከዚያ ግን ድንገት ጣቷን ቀሰረች። «ሠሪው ሰው አይደል እንዴ? ጠይቀው! ለኛ ሌላ ፈቃድ ይስጠን።»

አባባሏ ልክ ነበር። የሥራው ባለቤት ከፈለገ ለአንዱ በዚህ፣ ለሌላው በዚያ ፈቃድ መስጠት ይችላል። የክፍሉ ሠሪ ገጹ ላይ የሚታወቀው «ጉጉት» በሚል ቅጽል ስም ነው። ጥርግርግ ጥፋቱን ሳይደብቅ ጻፈለት። መልሱ በማግስቱ መጣ፤ ጉጉት ሴት ናት፤ ያውም ጨዋታ አዋቂ። ተራ አስያዡን የሠራችው ከምትኖርበት ሕንፃ ሥር ባለችው አንዲት የልብስ ማጠቢያ ማሽን የተነሳ ጎረቤቶቿ ሊደባደቡ ሲደርሱ እንደሆነ አጫወተችው። «ስምን መጥረግ! እስካሁን ያልሰማሁት ጥፋት ይህ ብቻ ነበር» ብላም ሳቀችበት። በበኩሏ ሌላውን ፈቃድ ለመስጠት ትስማማለች፤ ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰዎች እጃቸውን አስገብተውበታል። እያንዳንዱ የጻፈው የራሱ ነው። እሷ ስለ እነሱ ልትፈቅድ አትችልም፤ ሁሉም መጠየቅ አለባቸው።

ሁሉንም ጠየቀቻቸው። እሺታው ከየአቅጣጫው ጎረፈ፤ አንዱማ «ለዶክተሯ ሰላምታ፤ ጥርሴን ግን አላሳይም» የሚል ጨመረበት። የቀረው አንድ ሰው ነበር። ሁሉም ሰዓት ሠሪው የሚሉት፣ ትንሽ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ የነበረው፣ ከሥራ በኋላ ለፍቅሩ ሲል ኮድ የሚጽፍ ሰው። ሞቷል። መብቱ ወደ ሚስቱ ተላልፏል፤ ጉጉት የሚስቱን ስልክ ቁጥር ሰጠችው።

ጥርግርግ ደወለ። ማን እንደሆነና ምን እንደፈለገ ሲያስረዳ ሴትየዋ አንዴም ሳያቋርጡ ሰሙት።

«ልጄ፣ እኔ ስለ ኮምፒውተር አላውቅም» አሉት። «የማውቀው፣ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ እዚያ ነገር ላይ ያፈጥ ነበር። እንዲህ ስትደክም ማን ይከፍልሃል ስለው፣ የሚደርሰው ሰው ሁሉ ሥራው ክፍቱን እንዲደርሰው ተስማምተናል፣ ክፍያዬ እሱ ነው ይለኛል። አሁን እሱ ሳይኖር እኔ ልዝጋው? አላደርገውም፣ ልጄ። አትቀየመኝ።»

«ኧረ አልቀየምም፣ እማማ» አለ ጥርግርግ። የገረመው፣ እውነትም አልተቀየመም። ስልኩን ሲያስቀምጥ ግን የመጋዘኑ ሽታ አፍንጫው ላይ መጣበት።

እህቱ ቶሎ እጅ አትሰጥም። «አውጣው የሱን! አንተ ራስህ ጻፈው፤ ምን አነሰህና!» አለች። ጥርግርግም ተራ አስያዡን አንስቶ የራሱን ለመጻፍ ተቀመጠ። ጻፈ። ከእጁ እንደሚወጣ ነገር ሁሉ የተስተካከለ፣ የተወጠረ ሽቦ የመሰለ ሥራ ሆነ። ለሙከራ እህቱን ታካሚ አድርጎ መዘገባትና «ገባሁ» የሚለውን እንድትጫን ነገራት። እሷ ደግሞ በልማዷ ስልክ ስታወራ ቆይታ አርፍዳ ተጫነችው።

«እኔ የታለሁ?» አለች ስክሪኑ ላይ አጎንብሳ።

«አርፍደሻል። ከተራው ወጥተሻል።»

«ባረፍድስ? ሞቻለሁ እንዴ? ጥርሴን እያመመኝ ታክሲ አጥቼ ቢሆንስ? ያንተ ፕሮግራም ሰው አያውቅም እንዴ!»

ጥርግርግ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረና የድሮው ክፍል ያረፈደን ሰው ምን እንደሚያደርገው ለማየት ያንን ቦታ የጻፈውን የሰዓት ሠሪውን ሥራ ከነማስታወሻው ከፈተ። ሰውየው ያረፈደውን አያባርርም፤ ቀጥሎ የምትገኘውን ክፍተት ፈልጎ ያስገባዋል፤ ክፍተት ካጣም ከወረፋው መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ አይጥለውም። ከኮዱ ራስጌ ላይ ለቀጣዩ ሠራተኛ አንድ መስመር ጽፎ ነበር፦ «ያረፈደ ሰው አይሰረዝ። ምን ገጥሞት እንደመጣ አናውቅም።»

ይህችንም መስመር ነው ጥርግርግ እያፏጨ የጠረጋት። የማያውቀውን፣ አይቶት የማያውቀውን አንድ ሽማግሌ ከበር ላይ ገፍቶ ያባረረ መሰለው። የራሱን ተራ አስያዥ ያለ ምንም ቁጭት አጠፋውና የሰዓት ሠሪውን ከነስሙ፣ ከነማስታወሻው መለሰ።

«እንሂድና ለዶክተሯ እውነቱን እንንገራቸው» አለ።

«እምቢ ቢሉስ?»

«የመጋዘኑ አለቃ ወንበርህ አለ ብሎኛል።»

እህቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ለቅሶ አይሆንላትምና ጫማዋን ለመቀየር ጠረጴዛዋ ሥር ገባች።

የዶክተሯ ክሊኒክ መቆያ ክፍል ውስጥ ሰዎች ጉንጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከውስጥ የመሰርሰሪያው ድምፅ በመጣ ቁጥር ሁሉም በአንድነት ወደ በሩ ያያሉ። አንዱ ጭራሹን ተነስቶ ሽንት ቤት የሚፈልግ መስሎ ወደ ውጭ ወጣ። ዶክተሯ ጭምብላቸውን ከአገጫቸው ሥር እንዳደረጉ ተቀበሏቸው። ጥርግርግ ምን እንደጠረገ፣ ምን እንደመለሰና የትኛውን ሐረግ ሊፈርሙ እንደማይችሉ ሳይንተባተብ ተናገረ። እህቱ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ችግር የለም» ሳትል ቀረች።

«ቆይ» አሉ ዶክተሯ። «ኮዱ ይከፈታል ስትል የታካሚዎቼም መረጃ ነው የሚከፈተው?»

«በፍጹም፣ ዶክተር። የሚሰጠው የፕሮግራሙ አሠራር ነው። የታካሚ ነገር እርስዎ ዘንድ እንደተቆለፈ ይቀራል።»

«ለዓለም ሁሉ ትበትኑታላችሁ ማለት ነው?»

«ግዴታ የለብንም። ለምናስረክበው ሰው ነው የምንሰጠው። ለእርስዎ ካስረከብን ለእርስዎ። ከዚያ በኋላ ግን እርስዎም ለፈለጉት ሊሰጡ ይችላሉ፣ እኛም ለሌላ ክሊኒክ እንሸጣለን። የእርስዎ ብቻ አይሆንም።»

ዶክተሯ ፊታቸው ተኮሳተረ። «እኔ እኮ ገንዘቤን የማወጣው ማዶ ያለው ክሊኒክ የሌለውን ነገር እንዲኖረኝ ነበር።» ተነስተው በመስኮቱ ወደ ማዶ አዩ። እህቱ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች።

«እናንተ ነገ ተጣልታችሁ ብትለያዩስ?» አሉ ዶክተሯ ሳይዞሩ።

«ይቅርታ?»

«ከናንተ በፊት ፕሮግራም የሸጠልኝ ሰውዬ አንድ ቀን ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። ሲበላሽ የሚከፍተው ሰው አጣሁ። የሁለት ክሊኒክ ቀጠሮ እዚያው ተቆልፎ ቀረና በሽተኛ በር ላይ ሲጮህብኝ ከረመ። እናንተስ ብትጠፉ?»

«ኮዱ እጅዎ ላይ ነው» አለ ጥርግርግ። «ሙያውን የሚያውቅ ማንም ሰው ከፍቶ ይጠግነዋል። የኛን ፈቃድ አይጠይቅም።»

ዶክተሯ ዞሩ። «በል እስቲ፣ ያረፈደ በሽተኛ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አሳየኝ። የኔ በሽተኞች ግማሾቹ ያረፍዳሉ፤ ፈርተው ሕንፃውን ሲዞሩት ቆይተው ነው የሚገቡት።»

አሳያቸው። ያረፈደው ሰው ቀጣዩ ክፍተት ውስጥ ገባ፤ ማንም ቦታውን አላጣም። ማስታወሻዋንም ከፍቶ አስነበባቸው። ዶክተሯ ሁለት ጊዜ አነበቧት።

«ይሄን የጻፈው ሰው ሐኪም ነው?»

«ሰዓት ጠጋኝ ነበር።»

ዶክተሯ እስክሪብቷቸውን አወጡና «የእኔ ብቻ» የሚለውን ሐረግ በአንድ መስመር ሰረዙት። «ማዶ ላለውም ቢደርሰው ይድረሰው፤ የኔኑ በሽተኛ እየሰረቀ ነው የሚውለው፣ ቢያንስ አያባርራቸው።» ፈረሙ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞር አሉ። «አንቺ ግን ለምን ፊትሽ እንዲህ ሆነ?»

«ኮዱ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ከሆነ እኛ ምን ልንሸጥ ነው ብዬ ነዋ፣ ዶክተር።»

«የኔ እህት፣ እኔ የማውቀው ጥርስ መንቀል ነው። ፕሮግራሙን ማን ይተክልልኛል? ሠራተኞቼን ማን ያስተምርልኛል? ሲበላሽ ማን ይሮጥልኛል?»

እህቱ ቀና አለች፤ ዓይኗ በራ። «ችግር የለም!» አለች።

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ ሰሞን ጥርግርግ አንድ ገጽ ጨመረበት። በሥራው እጃቸው ያለበት ሰዎች ስምና ፈቃዳቸው በሙሉ የተጻፈበት ገጽ ነው፤ በየክሊኒኩ የእንግዳ መቀበያ ስክሪን ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ይከፈታል። አጫጭሩም ረጃጅሙም፣ ቅጽሉም ዋናውም ስም ተቀላቅሎ የገባበት፣ ለዓይን የማይመች ገጽ ነው። ሊያስተካክለው እጁ ሄደና ተወው። ፎቶ አንስቶ ለሰዓት ሠሪው ባለቤት ላከላቸው፤ «ባለቤትዎ ያሉት እዚህ ላይ ነው፣ እማማ፤ በሁሉም ክሊኒክ ይታያሉ» ብሎ።

መልሳቸው በድምፅ መጣ። መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ሳቅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ከዚያ ሳቁ ተሰበረና እንባ ገባበት፤ ከዚያ እንደገና ሳቁ።

«ልጄ» አሉ፣ «ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ጥርሱን እያመመው፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብዬ ብለምነው ብለምነው፣ እንደ ሕፃን አልጋ ሥር ሊደበቅ የሚቃጣው ሰው ነው። አንድ ቀን እንኳ እግሩን አላነሳም! አሁን ታዲያ በየቀኑ፣ ያውም ሁሉም ክሊኒክ ይገባል በለኝ!»

ጥርግርግ መልእክቱን ለእህቱ አሰማት። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ እህቱ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና «እስቲ ድገመው» አለችው። ደገመው።